ኩበት ጠፍጣፊው ልጅ፦ ወንድነትና ሴትነት ከየት ይመጣሉ?

መንዝ ውስጥ ኩበት የሚጠፈጥፍ ወንድ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። እናቴ አራት ወንዶች ወለደች፣ ሴት አልሰጣትም። ታላቄ ከአባቴ ጋር እርሻ መውጣት ሲጀምር ጓዳው ረዳት አጣና እኔ ገባሁበት። ስምንት ዓመቴ ነው። እበቱን ከገለባ ጋር በእጅህ ታሻዋለህ፣ ታድቦለቡለዋለህ፣ ከዚያ የድንጋይ ካቡ ላይ በመዳፍህ ጠፍ ታደርገዋለህ። ሲደርቅ የአምስት ጣት ምልክት ይቀርበታል። ካቡ ላይ የእናቴ ትልቅ መዳፍና የእኔ ትንሽ መዳፍ ጎን ለጎን ስለሚታይ መንገደኛው ሁሉ "ሴት ልጅ አለቻት እንዴ?" ይል ነበር።

እንጀራም ጋግሬአለሁ። ጌሾም ወቅጬአለሁ። የሰፈሩ ልጆች "ሴታ ሴት" ይሉኝ ነበር። አንድ አጎቴ ደግሞ ጠላ ሲቀምስ ያችን የታወቀች ሽለላ ያወርድብኛል፤ እንደ አባቱ ያልሆነ ወንድ አመልማሎ ይሰጠውና እንደ እናቱ ይፍተል የምትለዋን። በእኛ አገር የበጉን ጸጉር ሴቷ ትፈትለዋለች፣ ወንዱ ይሸምነዋል፣ ባናው ከሁለቱ እጅ ይወጣል። ለወንድ መፈተል ውርደት፣ መሸመን ግን ሥራ ነው። ሁለቱም ያው ክር ነው እንግዲህ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን በየስልካችን የሚካሄደው ንትርክ ነው። "ወንድነትና ሴትነት ተፈጥሮ ነው፣ አለቀ" የሚል ወገን አለ። "ማኅበረሰብ የሠራው ነው፣ አለቀ" የሚልም አለ። ሁለቱም "አለቀ" ላይ ቸኩለዋል። እኔ የማስበውን ከወዲሁ ልናገር። ተፈጥሮ የሚገፋን ግፊት እውነት ነው፣ በአስተዳደግ ብቻ የሚፋቅ አይደለም። ግን ልጅ እንደ ወንድ ወይም እንደ ሴት መኖርን የሚማረው ከምንመክረው ይልቅ እጁ ላይ ከምናስይዘው ሥራ ይመስለኛል።

አንድ የቃል ነገር ልጨርስ። ጾታ ስንል አካሉን ነው። ሥርዓተ ጾታ የሚለውን ብዙዎቻችን የሰማነው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለሆነ "የሴቶች ጉዳይ" ማለት ይመስለናል። ከዚያ ይሰፋል። ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ከተባለ ሰው የሚጠበቀው ሥራ፣ አኳኋን፣ አለባበስ፣ ሰውየውም ራሱን ምን ብሎ እንደሚያውቅ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ከሆድ እንጀምር። ፅንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት በአካሉ አይለይም። ሁለት ዓይነት ቱቦ ይዞ ይቆያል፤ አንደኛው ወደ ወንድ አካል፣ ሌላው ወደ ማህፀን ሊያድግ የሚችል። ሰባተኛው ሳምንት ገደማ በተለምዶ ወንዶች ላይ የሚገኘው ዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ይነቃና ገና ምንም ያልሆነውን ዕጢ ወደ ወንድ የዘር ፍሬ ይቀይረዋል። ይህ ዘረመል ኤስአርዋይ ይባላል፤ እንግሊዝ ውስጥ በ1990 ነው የተገኘው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ያንኑ ዘረመል የሴት ክሮሞዞም ባላት የአይጥ ፅንስ ውስጥ ጨመሩት። አይጧ የወንድ አካል ይዛ ተወለደች። የዘር ፍሬው አንዴ ከተሠራ በኋላ ሥራውን የሚቀጥሉት ሆርሞኖች ናቸው። አንዱ የማህፀኑን ቱቦ ያከስመዋል፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ደግሞ የቀረውን ይገነባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ኩፋሌ ላይ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ተጽፏል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም በበኩሉ ወንዱ ፅንስ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ90 ቀን ይለያሉ ብሎ ነበር። ሰባተኛው ሳምንት ከ40 ቀን ብዙም አይርቅም። ግን ይህን ይዛችሁ "ሳይንስ ኩፋሌን አረጋገጠ" ብላችሁ እንዳትለጥፉብኝ። የሥርዓቱን ትርጉም ቄሶቹን ጠይቁ፤ የሴቷ ዕጢ በ80 ቀን ይጀምራል የሚል ሐኪም የለም።

ይህ እንግዲህ አካሉ ነው። ጸባዩስ? ሆርሞኑ ጭንቅላት ውስጥም ይገባል ወይ? ሰው ላይ ሞክሮ ማየት ነውር ስለሆነ ተመራማሪዎች ያዩት ተፈጥሮ ራሷ የቀላቀለችውን ነው። ከኩላሊት በላይ አድሬናል የሚባል ዕጢ አለ። አንዳንድ ሴት ልጆች ይህ ዕጢ ተዛብቶባቸው ማህፀን ውስጥ ሳሉ ከወትሮው በጣም የበዛ የወንድ ሆርሞን ያገኛቸዋል። ከ15,000 ልደት አንድ ያህል ነው። ከተወለዱ በኋላ በመድኃኒት ይስተካከላል፤ እንደ ሴት ያድጋሉ። በ1992 ሸሪ ቤረንባውምና ሜሊሳ ሃይንስ እነዚህን ልጆች መጫወቻ ደርድረው ሲያዩአቸው ከእህቶቻቸውና ከዘመዶቻቸው ልጆች ይልቅ መኪናውንና መገጣጠሚያውን መረጡ። "ወላጅ ገፋፍቷቸው ይሆናላ" ትሉ ይሆናል። በኋላ ወላጆችም ታዩ። እንዲያውም ወላጆቹ እነዚህን ልጆች በሴት መጫወቻ ሲጫወቱ ከሌሎቹ የበለጠ ያበረታቱ ነበር። ልጆቹ ግን መኪናቸውን አልለቀቁም። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ራሳቸውን ሴት ብለው ነው የሚያውቁት። ግፊቱ አለ፣ ልኩም አለው።

"ሁሉም አስተዳደግ ነው" የሚለውን ወገን ያሳፈረው ደግሞ የካናዳው ልጅ ነው። ዴቪድ ራይመር በ1965 ከመንትያ ወንድሙ ጋር ተወለደ። በስምንት ወሩ ሲገረዝ መሣሪያው ብልቱን አቃጠለው። ወላጆቹ ግራ ገብቷቸው አሜሪካ ወዳለው ጆን መኒ ዘንድ ወሰዱት። መኒ ታዋቂ የሥነ ልቦና ሰው ነው። የእሱ እምነት ልጅ ቀድሞ ከተያዘ እንዳሳደጉት ይሆናል የሚል ነበር። ሕፃኑ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ብሬንዳ ተብሎ፣ ቀሚስ ለብሶ አደገ። እንደ እሱ ያለ ማስረጃ የት ይገኛል? አንድ ዓይነት መንትያ፣ አንድ ቤት፣ አንዱ ወንድ፣ አንዷ "ሴት"። መኒ በ1972 ተሳካ ብሎ ጻፈ፣ መማሪያ መጻሕፍት ተቀባበሉት። ልጁ ግን ቀሚሱን ይቀዳድ ነበር። ከወንድሙ መጫወቻ ይነጥቅ ነበር። በ14 ዓመቱ እውነቱ ተነገረውና ወዲያው ወንድ ሆኖ ለመኖር ወሰነ። ሚልተን ዳይመንድና ኪት ሲግመንድሰን ታሪኩን በ1997 ይፋ አወጡት። በ2004፣ በ38 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። ይህን ታሪክ ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ የሚያነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም። መከራ ያየ ልጅ ነው።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ላስ ሳሊናስ በምትባል መንደር ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ቴስቶስትሮንን ወደ ሌላ ኃይለኛ ሆርሞን የሚቀይር ንጥረ ነገር የጎደላቸው ወንዶች ሲወለዱ ሴት ይመስላሉ፣ ሴት ተብለው ያድጋሉ። ጉርምስና ሲመጣ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ብልታቸው ያድጋል። ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊ ከተከታተለቻቸው፣ ሴት ተብለው ካደጉ 18 ሰዎች 17ቱ ራሳቸውን ወደ ወንድ አዙረዋል። የተፈጥሮ ወገን እዚህ ጋ እልል ይላል። ቆይ ግን። ያቺም መንደር የወንድ ነፃነት ከሴት የሚሰፋባት መንደር ናት። ወንድ ሁን ቢሉት እምቢ የሚል ስንት ሰው አለ? የሆርሞኑ ነው ወይስ የጥቅሙ፣ መለየት ይከብዳል።

በተቃራኒው ደግሞ ዋይ ክሮሞዞም ኖሯቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ የወንድ የዘር ፍሬ ኖሯቸው፣ ሰውነታቸው ለቴስቶስትሮን ፈጽሞ ምላሽ የማይሰጥ ሰዎች አሉ። መልካቸው ሴት ነው። ሴት ሆነው ያድጋሉ፣ አብዛኞቹም ሴት ነን ይላሉ። ብዙዎቹ የሚያውቁት ወር አበባ ሳይመጣላቸው ሲቀር ሐኪም ዘንድ ሄደው ነው። "ክሮሞዞምህን ንገረኝና ማንነትህን ልንገርህ" ማለት ስለዚህ አያዋጣም። እኛ ዘንድ አካላቸው በግልጽ ለማይለይ ሰዎች ያለችን ቃል "ፍናፍንት" ናት፤ ስድብ ሆና ስለቀረች እኔ አልጠቀምባትም።

አእምሮን በተመለከተ አጭር ነው። በ2015 ዳፍና ጆኤል የተባለች እስራኤላዊትና ባልደረቦቿ ከ1,400 በላይ አእምሮዎችን በኤምአርአይ ምስል አዩ። በአማካይ የወንድና የሴት ልዩነት አለ። ግን ሁሉ ነገሩ ወደ "ወንድ" ብቻ ወይም ወደ "ሴት" ብቻ ያጋደለ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ቅይጥ ነው። ስለ ሥነ ልቦናው ሰው ስለ ፍሮይድም ብዙ አልቆይም፤ ወንድ ልጅ እናቱን ለራሱ ይመኛል፣ አባቱን ይፈራል፣ ከዚያ አባቱን ይመስላል ያለው ነገር ለጨዋታ ደስ ይላል እንጂ በምርመራ የቆመ አይደለም።

ወደ ቤት እንግባ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ጆን ኮንድሪና ሳንድራ ኮንድሪ አንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ከሳጥን ውስጥ ብቅ በሚል አሻንጉሊት ሲደነግጥ ቀረጹ። ለግማሹ ተመልካች ወንድ ነው፣ ለግማሹ ሴት ናት አሉት። ያው ሕፃን፣ ያው ለቅሶ። ወንድ ነው የተባሉት "ተናደደ" አሉ። ሴት ናት የተባሉት "ፈራች" አሉ። እኛም እኮ ገና ሲወለድ ነው የምንጀምረው። ገንፎው ሳይበስል እልልታው ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የወንዱ ግን ይበዛል። ጎረቤት ከደጅ ሆኖ ቆጥሮ ነው የሚያውቀው።

ሕፃኑም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም፤ ያሰላል። ደብረ ብርሃን የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የአከራዬ የልጅ ልጅ አለ፣ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ስንሞቅ ጠየቅሁት።

"ስታድግ ምን ትሆናለህ?"

"እናት።"

"ወንድ አይደለህ እንዴ?"

"አሁን ነዋ!"

"ሹሩባ ብትሠራስ?"

"ሴት እሆናለሁ።"

"ብትላጨውስ?"

ትንሽ አሰበ። "ተመልሼ ወንድ።"

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው ሎረንስ ኮልበርግ በ1966 የጻፈው ይኸንኑ ነው። ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ይናገራል፣ ለዘላለም እንደሆነ ግን አያውቅም። ልብስና ጸጉር ቢቀየርም ጾታ እንደማይቀየር የሚገባው ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ነው። (ለነገሩ ሹሩባ ሴት ያደርጋል ብሎ ለዚህ ልጅ ማን ነገረው? አጼ ቴዎድሮስ ሹሩባ ይሠሩ ነበር።) ኮልበርግ የሳተው አንድ ነገር አለ። ልጅ ይህ ሁሉ ከገባው በኋላ ነው እንደ ጾታው መሆን የሚጀምረው አለ። ልጆች ግን ከዚያ በፊት፣ ገና በሁለት ዓመታቸው መጫወቻ ይለያሉ። ካሮል ማርቲንና ቻርልስ ሃልቨርሰን በ1981 ይህን አቃኑት፦ ልጅ "እኔ ከእነዚህ ነኝ" ካለ በቃ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ መደርደሪያ ይሠራል፣ የሚያየውን ሁሉ እዚያ ይደረድራል። የማይገጥመውን ደግሞ ይቀይረዋል። እንጨት የምትቆርጥ ሴት ልጅ ሥዕል ያሳዩአቸው ልጆች ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ወንድ ነበር ያሉ ብዙ ናቸው። አያችሁ፣ ለልጁ አንዲት ሴት መካኒክ አሳይቶ "ተማረ" ማለት የዋህነት ነው። ወንድ አድርጎ ሊያስታውሳት ይችላል።

ቋንቋችንም ዝም አይልም። በእንግሊዝኛ ልጅን ለምሳ ለመጥራት ጾታውን ማወቅ አያስፈልግም። በአማርኛ "ና" ወይም "ነይ" ሳትል አትጠራውም። ልጁ ይህን በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። በ1982 አሌክሳንደር ጊዮራና ባልደረቦቹ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና ፊንላንድኛ የሚናገሩ ሕፃናትን አወዳደሩ። ዕብራይስጥ እንደ እኛ አንተና አንቺን ይለያል። ፊንላንድኛ እሱና እሷን እንኳ አይለይም። ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ጾታቸውን ቀድመው ለዩ፣ ፊንላንዶቹ ዘገዩ። ቋንቋው ግን መለያ ብቻ አይደለም፣ መጫወቻም ነው። እናቴ ደስ ስላት "ነይ እስቲ የኔ እመቤት" ትለኝ ነበር። ሴት ልጅንም "አንተ ጎረምሳ" ብሎ ማቆላመጥ አለ። እንዲህ ስትባል ማንም አይደናገርም፣ ፍቅር መሆኑን ታውቃለህ።

አሁን ወደ ማረሻው። አስቴር ቦዘራፕ የተባለች ዴንማርካዊት በ1970 አንድ ነገር አለች፦ በመቆፈሪያ በሚታረስበት አገር ሴት ከእርሻው አትጠፋም፣ በሬና ማረሻ በገባበት ግን ወደ ቤት ትገባለች። ማረሻ የክንድና የትከሻ ጉልበት ይፈልጋል፣ ሕፃን አዝሎ በሬ መግራትም አይሆንም። በ2013 አልቤርቶ አሌሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ኔተን ነን ይህን በብዙ አገር መረጃ ፈተሹት። አያቶቹ በማረሻ ያረሱ ሕዝብ ዛሬም ሴት ከቤት ውጪ መሥራቷን ያን ያህል አይወድም። ልጆቻቸው አሜሪካ ተወልደው፣ ማረሻ በዓይናቸው ሳያዩ እንኳ ያው አመለካከት አብሯቸው ሄዷል። እንግዲህ እኛ በጥንተ በሬያችንና ማረሻችን ከሰሃራ በስተ ደቡብ ካለው አፍሪካ ለየት ያልን ሕዝብ ነን። በጌራም፣ በሞላሌም፣ በሞረትም ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እህል ታበጥራለች። ሞፈር አትይዝም። ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ኖሯት እንኳ ለአራሽ ታካፍላለች፣ ከምርቱ ግማሹ ይሄዳል። እዚህ ጋ ነው ተፈጥሮና ሥርዓት የሚጋቡት። የጉልበቱ ልዩነት እውነት ነው። ከዚያ ላይ ግን "ነውር" ይደረብበታል፣ ነውሩ ደግሞ ከጉልበቱ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ወፍራም ክንድ ያላት ሴትም አታርስም፣ ቀጫጫው ወንድም አይቀርለትም።

ነውሩ ከመሬቱ አለመሆኑን ማየት የፈለገ ፎገራ ሄዶ አውራ አምባን ይይ። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቹ በ1972 የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። በሬው ያው፣ ማረሻው ያው። ሴት ታርሳለች። ወንድ ይፈትላል። አመልማሎው ወንዱ እጅ ላይ ነው፤ አጎቴ ቢያይ ሽለላውን የት እንደሚያደርጋት እንጃ። ሩቅ መሄድ የማይፈልግ ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን ይይ። ድሮ ገበያ ዳር የልብስ ስፌት መኪና ይዞ የሚቀመጠው ወንድ ነው፣ "ልብስ ሰፊው" እንላለን። በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፍቶ ስፌት በረድፍ የሚሠራ የፋብሪካ ሥራ ሲሆን መኪናው ላይ የተቀመጡት በብዛት ሴቶች ሆኑ። አሁን "የሴት እጅ ለስፌት ይመቻል" ሲባል እሰማለሁ። ጣቷ ምን ጊዜ ተቀየረ?

ለእኔ ከሁሉም የቀረበኝ ጥናት ግን የኬንያው ነው። ካሮል ኤምበር በ1973 ስለ ሉዎ ሕዝብ ልጆች ጻፈች። እዚያም ውሃ፣ ማገዶ፣ ማብሰል የሴት ልጅ ነው። ቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ ከሌለው ግን ወንዱ ይገባበታል፤ ቁርጥ እንደ እኔ። እነዚህን ልጆች ሥራ ላይ በሌሉበት ሰዓት፣ ሲጫወቱ፣ ሲያወሩ ተመለከተቻቸው። ከሌሎቹ ወንዶች ያነሰ ይደባደቡ ነበር፣ ሌላውን ለራሳቸው ጥቅም ማዘዙም ቀነስ ያለ ነበር። ጸባያቸው በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ነው። በተለይ ደግሞ ከቤት ውጪ ያለው ሳይሆን እዚያው ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ነው ለውጡን ያመጣው። ማንም "ረጋ በል" ብሎ አልመከራቸውም። ሕፃን ስትይዝ መምታት አይሆንልህም። ወጥ ስትጠብቅ ጥለህ አትሮጥም። እጅህ የለመደውን ልብህም ይለምደዋል።

ይህን ያነበብኩ ጊዜ "ይኸው፣ እኔን ነው የጻፈችኝ" ብዬ ተደሰትኩ። እኔ ከወንድሞቼ ሁሉ ረጋ ያልኩ ነኝ። ታላቄ ቁጡ ነው፣ ጅራፍ ማጮህ ይወዳል። ምክንያቱን አገኘሁት አልኩ፣ ኩበቱ ነው።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ቡና ላይ ይህንኑ አነሳሁ። እናቴን "ለምን ታላቄን ትተሽ እኔን ጓዳ አስገባሽኝ?" አልኳት።

ረከቦቱን እያስተካከለች ሳቀች። "እሱ የት ይሰማኝና። አንቺ ገና ስትድሂም ጸጥተኛ ነበርሽ።"

አባቴ ከመደቡ ላይ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። "ምን ጸጥታ አመጣሽብኝ፣ ታላቁ በሬ መያዝ ስለጀመረ ነው እንጂ። እሱን ጓዳ አስገብተሽው ቢሆን እሱም ይረጋ ነበር።"

"እሱ? ምጣዱን ይሰብርልኝ ነበር።"

ታላቄ አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። እሱን የጠየቀው የለም።